ከጣቢያ ሰባት ሥር የታየው ቀይ

ምስሉን የሠራሁት እኔ ነኝ። ይህን ከመጀመሪያው ልናገር፤ በኋላ ስለ ሌሎች ሰዎች ብዙ ስለማወራ የኔ ድርሻ መሀል ላይ እንዳይጠፋ።

ምስሉ ተራራውን ከላይ እስከ ታች ሰንጥቆ ያሳያል። ሰማያዊው ጠንካራ ድንጋይ ነው፤ የመሬት መንቀጥቀጥ ሞገድ ፈጥኖ ያልፍበታል። ቀዩ የጋለ ወይም የቀለጠ ድንጋይ ነው፤ ሞገዱ እዚያ ሲደርስ ጭቃ ውስጥ እንደገባ ሰው ይዘገያል። ተራራው ውስጥ ገብቶ የሚያይ ስለሌለ የኛ ሥራ መጠበቅ ነው። ሩቅ አገር መሬት ሲናወጥ፣ ወይም እዚሁ እሳተ ገሞራው ከሚተፋበት የጉድጓድ አፍ በታች ማንም የማይሰማት ትንሽ ንቅናቄ ስትነሳ፣ ሞገዷ በተራራው ዙሪያ በቀበርናቸው አሥራ አራት መሣሪያዎች ላይ ስንት ሰዓት እንደደረሰች እናያለን፤ እያንዳንዱን የመሣሪያ ቦታ ጣቢያ እንለዋለን። ቀድማ ከደረሰች መንገዷ ጠንካራ ነበር። ከዘገየች መንገዷ ላይ የለሰለሰ ነገር አለ። ለኛ የሰከንድ አንድ አሥረኛ ብዙ ጊዜ ነው።

በኔ ምስል ላይ ከታችኛው መንደር ሥር፣ ሁለት ኪሎ ሜትር በማይሞላ ጥልቀት፣ ኩላሊት የሚመስል ቀይ ነገር ነበር።

መንደሩ መቶ አሥራ ሁለት ቤት ነው። የወረዳው አስተዳዳሪ ምስሉን ባየ በሦስተኛው ቀን መንደሩ እንዲነሳ ደብዳቤ ወጣ። አርብ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ስብሰባ አለ፤ ሰኞ የጭነት መኪኖች ይመጣሉ ተባለ። ይህ የሆነው ተራራው ትንሽ አመድ በተፋ በሁለተኛው ወር ስለሆነ ማንም አልተከራከረም።

ማክሰኞ ጠዋት አለቃችን ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆሙ። በቢሮው «ጋሽ ቀስ በሉ» ይባላሉ። ከኋላቸው ነው የሚባሉት፣ ግን ያውቃሉ። በር ስትዘጋ «ቀስ»፣ ቁጥር ስታነብ «ቀስ»፣ ምሳህን ስትበላ «ቀስ» ናቸው።

«አስተዳዳሪው አርብ ዕለት ቀዩ እያደገ ነው ወይ ብሎ መጠየቁ አይቀርም» አሉኝ። «የእያንዳንዱን ጣቢያ መዘግየት በየቀኑ አስቀምጪልኝ። አንድ ገጽ ይበቃል።»

አንድ ገጽ ሠራሁ። አሥራ ሦስቱ ጣቢያዎች ጠፍጣፋ መስመር ሆኑ። ጣቢያ ሰባት፣ በታችኛው መንደር በአንድ ልብስ ሰፊ ጓሮ ያለው፣ ሌላ ነገር አሳየኝ። መዘግየቱ ከዜሮ ተነስቶ ቀስ በቀስ ይወጣል፣ ይወጣል፣ ግማሽ ሰከንድ ሊሞላ ሲል በአንድ ቀን ወደ ዜሮ ይወድቃል። እንደገና ይወጣል። እንደገና ይወድቃል። አራት ጊዜ፣ እንደ መጋዝ ጥርስ።

የወደቀባቸውን ቀኖች በእርሳስ ጻፍኳቸው። ከዚያ የመስክ ደብተሬን አወጣሁ። እኔ ራሴ ጣቢያ ሰባትን የጎበኘሁባቸው ቀኖች ነበሩ፤ አራቱም።

የቀለጠ ድንጋይ እኔ ልጠይቀው ስመጣ አይጠነክርም።

እንግዲህ ሰዓቱ ነው። በእያንዳንዱ መሣሪያ ውስጥ ትንሽ ሰዓት አለ፤ ብቻውን ሲተው ይፈጥናል ወይም ይዘገያል። ስለዚህ በአጠገቡ እንጨት ላይ ነጭ ቆብ የሚመስል አንቴና እንተክላለን። አንቴናው ከሳተላይት ትክክለኛውን ሰዓት እየተቀበለ ትንሹን ሰዓት ያርመዋል። ሳተላይት ከጠፋበት ቀኑን በአንድ ትንሽ ፋይል ላይ ይጽፋል፤ ፋይሉም የሞገዱ መዝገብም በሬዲዮ ቢሮ ይደርሱናል። ከየጉብኝቱ በኋላ ያንን ፋይል ከፍቶ ማንበብ የኔ ሥራ ነው። አላነበብኩትም። በሄድኩ ቁጥር ሳተላይት መያዙን የሚያሳየው መብራት አረንጓዴ ነበር፤ ቅጹ ላይ «ሰዓት፦ ደህና» የሚለው ላይ ምልክት አድርጌ እመለሳለሁ።

አሁን ከፈትኩት። «ሳተላይት የለም። ሳተላይት የለም። ሳተላይት የለም።» ገጽ በገጽ እንደዚያ ነው። ከዚያ በመጣሁበት ቀን ብቻ «ሳተላይት፦ ስምንት»።

ሰዓቱ ስለፈጠነ በጊዜው የደረሰውን ሞገድ ሁሉ ዘግይቶ የደረሰ አስመስሎታል። ኮምፒዩተሩ ደግሞ መዘግየትን ሲያገኝ የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ ከሥሩ ቀይ መቀባት።

ወረቀቱን ይዤ ወደ አለቃዬ ክፍል ገባሁ። አንብበው ጨረሱና መነጽራቸውን አወለቁ።

«መብራቱን ዓይተሻል?»

«ሁልጊዜ። አረንጓዴ ነው።»

«ፋይሉንስ?»

«ዛሬ ነው የከፈትኩት» አልኩ። እሳቸው መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ።

«ፋይሉ መቼ እንደሆነ ይነግረናል» አሉ በመጨረሻ። «ለምን እንደሆነ አይነግረንም። ለምን አንቺ ስትመጪ ብቻ ይሠራል? ይህን ሳናውቅ ሄደን ተሳስተናል ብንል ማን ያምነናል? ሂጂና እዪው። ደግሞ ስልክ እንዳትደውሉ።»

ሹፌራችን ይህን ሲሰማ አልወደደውም። ሁልጊዜ ከሁለት ቀን በፊት ደውሎ እንደምንመጣ የሚናገረው እሱ ነው።

«ሳይደውሉ ሰው ቤት መግባት ነውር ነው» አለኝ መንገድ ላይ። «ደግሞ ሻይም አይፈላልን።»

«ዛሬ ሻይ አያሻንም።»

«ለራስሽ ተናገሪ፣ እህቴ።»

መንደሩ ስንደርስ ግማሹ ፈርሷል። ቆርቆሮ በየደጁ ተቆልሏል። አንድ አልጋ በቁሙ ግድግዳ ላይ ተደግፏል። የልብስ ሰፊው ጎረቤት፣ ግንበኛው፣ መሰላል ላይ ወጥቶ የጣሪያውን ሚስማር አንድ በአንድ እየነቀለ፣ እያቃና፣ ጣሳ ውስጥ ይጥላል። ተክ፣ ተክ። ያየን አልመሰለኝም።

የልብስ ሰፊውን ቤት ከማንም ቤት በላይ አውቀዋለሁ፤ ከቢሮዬ ሆኜም ጭምር። የስፌት መኪናቸው በእግር የሚረገጥ ነው። ሲረግጡት ርግጫው በመሬት አልፎ መሣሪያዬ ላይ ይደርስና ሞገዱ በሚሣልበት መዝገብ ላይ ደቃቅ ስፌት ይሰፋል። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል እንደሚጀምሩ፣ ስድስት ሰዓት ላይ ለምሳ እንደሚያቆሙ፣ ከምሳ በኋላ ትንሽ እንደሚያሸልባቸው አውቃለሁ። ይህን ነግሬያቸው አላውቅም፤ ያፍራሉ ብዬ።

ሚስታቸው መስኮቱ ሥር ተቀምጠው የአሮጌ መጋረጃ ስፌት በጣታቸው ይፈታሉ። ዓይናቸው ከደከመ ሰባት ዓመት ሆኖታል። ቤቱን በእጃቸው ነው የሚያውቁት፤ ከመስኮቱ እስከ ምድጃው ዘጠኝ እርምጃ፣ ከምድጃው እስከ ጓሮ በር አምስት። ባለፈው ጉብኝቴ ሊዛወሩበት ስለሚችሉት አዲስ ሰፈር ሲወራ አንድ ነገር ብቻ ነበር የጠየቁኝ፦ «እዚያ ስንት እርምጃ ነው?»

«ማነው?» አሉ አሁን።

«እኔ ነኝ፣ እማማ። የመሣሪያዋ ልጅ።»

የስፌት መኪናው ቀጥ አለ። ልብስ ሰፊው ከወንበራቸው ዘለው ተነሱ፤ ሜትራቸው አንገታቸው ላይ እንደተንጠለጠለ።

«ሳትነግሪን! እዚያው ቆዪ ልጄ፣ ግቢው አልተጠረገም!» ብለው በጓሮ በር ወጡ።

ተከተልኳቸው። እንዲህ ሲሮጡ አይቻቸው አላውቅም። ስደርስ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ከአንቴናው እንጨት ላይ አንድ ትልቅ ነገር በሁለት እጃቸው እያነሱ ነበር። ዞር ሲሉ ደረታቸው ላይ አቅፈውታል።

«አባባ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ምኑ?»

«የያዙት።»

ዝቅ ብለው አዩት። «ሳፋ።»

የቆርቆሮ ልብስ ማጠቢያ ሳፋ ነበር፤ አሮጌ፣ ጆሮው አንድ ብቻ የቀረ።

«ሁልጊዜ እዚህ ላይ ነው የሚደፋው?»

«ኧረ ሁልጊዜ አይደለም! በረዶ ሲጥል፣ አመድ ሲበን። የዚያን ጊዜው በረዶ የኔን መስኮት መስበሩን ታስታውሺ የለ? ይህን ነጭ ቆብ ቢሰነጥቀው አንቺ ነሽ የምትወቀሺው ብዬ ነው። ከዚያ ማንሳቱን እረሳዋለሁ። አንቺ ልትመጪ ነው ሲባል ግን…» ደረታቸውን ነፋ አደረጉ፤ «አጥቤ፣ ጠርጌ፣ ልክ እንዳስቀመጥሽው ነው የማቆይልሽ። ሳፋ ደፍቼ እንግዳ ልቀበል እንዴ?»

«ሳፋውንም ያጥበዋል!» አሉ ሚስታቸው ከውስጥ። «እኔ በስንት ልመና አንድ ሳህን አሳጥበዋለሁ፣ ለመሣሪያዋ ሳፋ ያጥባል!»

መሣሪያው የተቀበረበት በርሜል ክዳን ላይ ተቀመጥኩ። ቆርቆሮ ሳተላይትን ይጋርዳል። ልደርስ ስል ይነሳል፣ አንቴናው ሰማይ ያያል፣ ሰዓቱ ይታረማል፣ መብራቱ አረንጓዴ ይሆናል፣ እኔ ምልክት አደርጋለሁ። ስሄድ ደግሞ አመድ ይበናል። እሳቸው ለመሣሪያው አዘኑ፤ እኔ መብራቱን አመንኩ። በዚህ መሀል መቶ አሥራ ሁለት ቤት ጣሪያውን እያወረደ ነው።

ነገርኳቸው። በቀላሉ ለመናገር ሞከርኩ፤ ሰዓት፣ መዘግየት፣ ቀይ። ልብስ ሰፊ ናቸውና ቶሎ ገባቸው። ሜትር ሲሳሳት ልብሱ ምን እንደሚሆን ያውቃሉ።

«እና ቀዩ ነገር የኔ ሳፋ ነው?»

«ያልተከፈተ ፋይሌ ነው» አልኩ። «ፋይሉን ባነበው ኖሮ በመጀመሪያው ወር መጥቼ ሳፋውን እንዳይደፉ እነግርዎት ነበር። ደግሞ ገና አልተረጋገጠም።»

ሚስታቸው ግድግዳውን እየዳሰሱ መጥተው በሩ ላይ ቆሙ። «ታዲያ አንሄድም?»

«አላውቅም፣ እማማ። አርብ አውቃለሁ።»

«ያን ሳፋ ጣለው ብዬው ነበር» አሉ። መጀመሪያ ሳቁ፤ ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ልብስ ሰፊው ሳፋውን መሬት ላይ አስቀምጠው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ከአጥሩ ማዶ ሚስማሩ ጣሳ ውስጥ ይወድቃል። ተክ።

«ልጄ፣ እሱ ጣሪያውን እያወረደ ነው። ሃያ ስምንት ዓመት አጥር ለአጥር ኖረናል። በየትኛው ዓይኔ ነው የማየው? እባክሽ ስሜን አታንሺ።»

«አላነሳም» አልኩ። ለማለት ቀላል ነበር።

ልወጣ ስል ጠርተው ደብተር ሰጡኝ። የደንበኞቻቸውን ልክ የሚጽፉበት ነው። «ደረት 96፣ ወገብ 84፣ እጀታ 61» ይላል፤ ጠርዙ ላይ ቀኑና በደቃቅ ጽሕፈት፦ «በረዶ። ደፋሁ።» ሁለት ገጽ አልፎ፦ «ልጅቷ መጣች። አነሳሁ።» አንዱም ቀን ከፋይሉ አልተዛነፈም። ከኔ የመስክ ደብተር የተሻለ ደብተር ነው፤ ይህን የምለው ለትሕትና አይደለም።

ረቡዕንና ሐሙስን ምስሉን እንደገና ስሠራ ዋልኩ። መጀመሪያ የጣቢያ ሰባትን ሰዓት በደብተሩና በፋይሉ አርሜ ሠራሁት። ከመንደሩ ሥር የነበረው ኩላሊት ጠፋ። ወንበሬን ገፍቼ ተነሳሁ።

«ቀስ» አሉ አለቃዬ። «ደስ ስላለሽ እንዳታምኚው። ባለፈውም ስለፈራሽ ነው ያመንሽው። ጣቢያ ሰባትን ጭራሽ አውጥተሽ ሥሪው።»

አውጥቼ ሠራሁት። የሩቆቹን መናወጦች ብቻ፣ ከዚያ የቅርቦቹን ብቻ ወስጄ ሠራሁት። ኩላሊቱ አልተመለሰም። አንድ ነገር ግን በሁሉም ላይ አልጠፋ አለ፤ ከጉድጓዱ አፍ በስተ ምዕራብ፣ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ወደ ታች፣ ደብዘዝ ያለ ሰፊ ቀይ። ሰው ከማይኖርበት በኩል ነው።

«ይሄኛው እውነተኛው ነው» አሉ አለቃዬ። «ተራራው ባዶ ነው ብለን እንዳንዋሽ።» ከዚያ ምስሉን ወደ ጎን አደረጉት። «ሰውን ሁሉ ቀስ በሉ ስል እኖራለሁ። አስተዳዳሪው ሲደውልልኝ እኔው ሮጥኩ። ሁለተኛ ሰው መረጃውን ሳያየው ነው የፈረምኩት። አርብ እኔ እናገራለሁ።»

«ፋይሉን ያልከፈትኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «እኔ ልናገር።»

ሰው ፊት መናገር እንደማልችል ያውቃሉ። የቢሮ ስብሰባ ላይ እንኳን ጥያቄዬን በወረቀት ጽፌ ነው የማቀብለው። አዩኝና «አብረን እንቆማለን» አሉ።

የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሞልቶ ሰው በመስኮት ያይ ነበር። ግንበኛው ፊት ለፊት ተቀምጧል፤ ልብስ ሰፊውና ሚስታቸው ከኋላ በር አጠገብ። ሁለቱን ምስሎች ጎን ለጎን ለጠፍኩ። ወረቀት ይዤ ነበር፤ ጽሕፈቱ ታየኝ፣ ማንበብ ግን አቃተኝ። ስለዚህ ሳላነብ ተናገርኩ።

«የመጀመሪያው ምስል ስህተት ነው። አንድ መሣሪያ ሰዓቱ ተዛብቶ ነበር። መዛባቱን መሣሪያው ራሱ ጽፎ ነበር፤ ማንበብ የነበረብኝ እኔ ነኝ፣ አላነበብኩም። ከመንደሩ ሥር የቀለጠ ድንጋይ አላየንም። ያየነው ወዲያ ማዶ ነው፣ ጥልቅ ነው። ይቅርታ አድርጉልኝ።»

ከዚያ ሁሉም በአንዴ ማውራት ጀመረ። አስተዳዳሪው ጠረጴዛውን መታ።

«ባለፈው ሳምንት ቀይ ነው አላችሁ። ዛሬ ሰማያዊ ነው ትላላችሁ። ነገ ደግሞ በሌላ ቀለም ብትመጡስ?»

«ልንመጣ እንችላለን» አልኩ። «ያን ጊዜ ግን ፋይሉን አንብበን፣ ሁለት ሰው አይቶት ነው።»

አለቃዬ አጠገቤ ቆመው «ፊርማው የኔ ነው» አሉ፤ ከዚያ በላይ አልጨመሩም።

ግንበኛው ተነሳ። አልጮኸም። «እሺ፣ ሰዓቱ ተዛባ። ምን አዛባው? ቤቴን በገዛ እጄ ያፈረስኩበትን ምክንያት ልወቅ እንጂ።»

«አንቴናው ተጋርዶ ነበር።»

«በምን?»

ቃል ገብቼ ነበር። አዳራሹ ሁሉ አፌን ያያል። ውሸት እንኳን ማሰብ አልቻልኩም።

«በሳፋ» አለ አንድ ድምፅ ከኋላ።

ልብስ ሰፊው ቆመዋል። ሜትራቸው ዛሬም አንገታቸው ላይ ነው፤ ረስተውት መሆን አለበት።

«የኔ ሳፋ ነው። በረዶ እንዳይመታው ደፋሁበት። ልጅቷ እንዳትናገር ለምኛት ነው። ይኸው፣ እኔ ነኝ።»

ግንበኛው ቀስ ብሎ ዞረ። «አንተ? ያ ጆሮ የሌለው ሳፋ?»

«አንድ ጆሮ አለው።»

ከመሀል አንዲት ሴት ሳቋ አመለጣት። ከዚያ ሌላ ሰው፣ ከዚያ አዳራሹ። ግንበኛው አልሳቀም። ሳቁ እስኪበርድ ቆሞ ጠበቀ።

«ሦስት ቀን ሙሉ ሚስማር ነቅያለሁ፣ ልብስ ሰፊው።»

«አውቃለሁ። ሲወድቅ እሰማው ነበር።» አንድ እርምጃ ወደ ፊት ቀረቡ። «መሰላሉን እኔ እይዝልሃለሁ። እስክትጨርስ ድረስ።»

«አንተ? ከፍታ ስታይ ዞሮህ የምትወድቅ ሰው?»

«መያዝ አልኩ እንጂ መውጣት አልኩ?» አሉ።

ግንበኛው ተቀመጠ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ እየሳቀ ይሁን አይሁን ከቆምኩበት አልለየሁም።

አስተዳዳሪው አለቃዬን ውጭ ጠርቶ ረጅም ጊዜ አናገራቸው። ተመልሰው ሲገቡ መንደሩ እንደማይነሳ፣ መሣሪያዎቹ ግን በየሳምንቱ እንደሚፈተሹና የመውጫው መንገድ ተጠርጎ እንደሚቆይ ተነገረ። መሄድ የሚፈልግ ይሂድ ተባለ። ሦስት ቤተሰቦች እጃቸውን አወጡ። ማንም አልቀለደባቸውም።

ስወጣ የልብስ ሰፊው ሚስት በር ላይ ክንዴን ያዙኝ። «ከቤታችን ሥር ንጹሕ ነው ማለት ነው?»

«ንጹሕ ነው አልልም፣ እማማ። ያየነው ጠንካራ ድንጋይ ነው። ከተቀየረ እነግርዎታለሁ።»

«ዘጠኝ እርምጃዬ አለልኝ» አሉ። «ይበቃኛል።»

ባልየው ከኋላቸው ሌላ ሐሳብ ይዟቸዋል። «ጨርቅስ፣ ልጄ? ጨርቅ ሳተላይቱን ይጋርዳል?»

«ጨርቅ አይጋርድም።»

«ኧረ በይ!» ሜትሩን ከአንገታቸው አወጡ። «ዙሪያው ስንት ነው ያ ቆብ?»

«ሰፋ አድርገህ ስፋው» አሉ ሚስታቸው። «የኔን ቀሚስ እንዳጠበብከው እንዳታደርገው።»

ሰኞ ጠዋት መኪኖቹ አልመጡም። እኔ ቢሮ ገብቼ ኮቴን ሳላወልቅ የጣቢያ ሰባትን ፋይል ከፈትኩ። «ሳተላይት፦ ዘጠኝ። ሳተላይት፦ ዘጠኝ። ሳተላይት፦ ስምንት።» ሰዓቱ ልክ ነው። ከዚያ መዝገቡን ከፈትኩ፤ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ነበር። ሞገድ ሊለይበት አይችልም።

አለቃዬ በትከሻዬ ላይ አጎንብሰው አዩት። «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«መዶሻ ነው። ጣሪያ እየመቱ ነው።»

«ስንት ቀን ይቆያል?»

«ግማሹ መንደር አውርዶ ነበር። አንድ ሳምንት ይመስለኛል።»

«የሳምንት መረጃ ሄደ ማለት ነው» አሉ። ትንሽ ቆመው አዩት። ከዚያ፣ ለማን እንደሚናገሩ ሳላውቅ፣ «ቀስ ብለው ይምቱት፤ ጥሩ ሥራ እንዲሆን» አሉና ሄዱ።

ብቻዬን ስቀር መዝገቡን አሰፋሁት። በመዶሻው መሀል ለመሀል ያንን ደቃቅ የእግር ስፌት ፈለግሁ። ሁለት ሰዓት ተኩል አለፈ፤ የለም። ሦስት ሰዓት ሆነ፤ የለም። ያልተለመደ ነገር ስለሆነ በሥራ ደብተሬ ላይ መመዝገብ ነበረብኝ። ቀኑን ጻፍኩ፣ የጣቢያውን ቁጥር ጻፍኩ፣ ምክንያት በሚለው ፊት ለፊት ትንሽ አሰብኩና «መሰላል ይዘዋል» ብዬ ጻፍኩ።